ኩርፌ በባልዲ

ጥቅምት 8

ለተከበሩ እትዬ፣

ዋሽቼዎታለሁ። ሰላምታ ያላስቀደምኩት ባለጌ ሆኜ አይደለም። ሰላምታ ከጀመርኩ ወረቀቱ ያልቅብኝና ዋናውን ነገር ለሌላ ቀን አሳድረዋለሁ። ሦስት ዓመት ያሳደርኩትም በዚሁ ዘዴ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጓሮዎ በሽታ ገብቶበት የእማማ ቲማቲም፣ ኩርፌ፣ ከነዘሯ ስትጠፋብዎ፣ «እህቴ ከኩርፌ ዘር ያስቀረችው የለም ወይ?» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እኔም «ዕቃዋን ሁሉ አገላብጬ አየሁ፣ ምንም የለም» ብዬ መለስኩ። ያገላበጥኩት ነገር የለም። የት እንዳለ እያወቅኩ ምን አገላብጣለሁ? እህትዎ ልታርፍ አራት ቀን ሲቀራት ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ዘሩን በትንሽ ኤንቨሎፕ አደረገች፣ ከላዩ «ለእትዬ። የኩርፌ ዘር።» ብላ ጻፈችበትና ሰጠችኝ። «አደራ፣ እንዳትረሳ» አለችኝ። አልረሳሁም። ምነው በረሳሁት!

ኤንቨሎፑን የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ሸሸግኩት። የሰረቀውን ዕቃ ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ የደበቀ ሌባ ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። «ይቅር በለኝ» እላለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ በማግስቱም እንደዚያው። አምላክም ሳይሰለቸው አልቀረም።

ለምን ቢሉኝ መልሱ አጭር ነው። የመጨረሻ ጽሕፈቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ አልያዘችም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ለእኔ የጻፈችልኝ «ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ አምፖል» ብቻ ነው፤ እሱንም ገዝቼ ስመለስ ሁልጊዜ እጥለው ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት ማስቀመጥ እንዳለበት ቀድሞ የሚነግረው የለም።

ባለፈው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ጸሎትህ እንዴት ነው?» ብለውኛል። ለወግ ያህል እንደጠየቁኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ምን ብዬ እንደምመልስ ሦስት ቀን ጠፍቶኝ ከረመ። እነሆ መልሱ፤ ጸሎቴ አሥራ ሰባት የቲማቲም ዘር ላይ ደርሶ ቆሟል። አደራ በላ ሆኛለሁ።

በሚመጣው ሳምንት በፖስታ እልካለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው?

የእህትዎ ባል


ጥቅምት 25

የተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። የላኩልኝ ስድብም አንድ ሳይጎድል በሰላም ደርሶኛል። «ሌባ» የሚለውን ሦስት ቦታ አግኝቼዋለሁ፣ በሦስቱም ይገባኛል። «የደረቀ ቧንቧ» ያሉኝ ግን ሠላሳ ዓመት በቧንቧ ሥራ ለኖረ ሰው ትንሽ ከበድ ይላል።

«ዘሩ እስካሁን ለምን አልደረሰም?» ላሉት፣ ስላልላክሁት ነው። አይቆጡ፣ ሄጃለሁ። ፖስታ ቤት ገብቼ ወረፋም ይዣለሁ። ከፊቴ አንዲት ሴትዮ መስኮቱን እየደበደበች «አንድ እግር ጫማ! አንድ እግር ጫማ ብቻ ምን ላድርገው? ልስቀለው?» ትላለች። የተላከላት ጫማ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጸሐፊው ደግሞ ተረጋግቶ «ሌላው እግር ይደርሳል፣ እየመጣ ነው» ይላታል። እትዬ፣ እኔና እርስዎ የምናውቀው የኩርፌ ዘር አሥራ ሰባት ፍሬ ብቻ ነው። ወረፋዬን ትቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አሥራ ሰባት ዘር ከምልክ ለምን አብቅዬ፣ አብዝቼ፣ በእፍኝ አልልክም? ለሦስት ዓመት ጥፋት በእፍኝ መካስ ይሻላል አልኩ። ችግሩ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአፈር ያለኝ የጫማዬ ሶል ላይ ያለው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረውን ጎረቤቴን ላስተዋውቅዎ። ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው። ሻይ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር በሚዛን ስለሚለካ ሕንፃው ሁሉ «ግራም» ይለዋል፣ ወዶ ተቀብሎታል። ይህ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያለ አፈር ሰላጣ ያበቅላል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ መስኮት ላይ። ያማከርኩት እሱን ነው።

«አፈር እኮ መያዣ ብቻ ነው» አለኝ። «ተክል የሚፈልገው ውሃ፣ ምግብና ብርሃን ነው።»

«ውሃ ካልክ እኔ አለሁ» አልኩት።

ሦስት ዘር ኤንቨሎፑ ውስጥ ትቼ አሥራ አራቱን አወጣሁ። ስፖንጅ ሁለት ሁለት ጣት አድርጌ ቆረጥኩ፣ መሐሉን ሰንጥቄ አንዳንድ ዘር አስገባሁበት፣ አርሼ ሳህን ላይ ደረደርኩና በፌስታል ሸፈንኩት። ዛሬ አሥራ አንዱ ወጥተዋል! ክር የመሰለ አንገታቸውን ደፍተው ነው የወጡት። እማማ ፍሬዋ ሽብሽብ፣ ፊቷ ያኮረፈ ልጅ ፊት ስለሚመስል «ኩርፌ» አሏት ብላ እህትዎ ነግራኝ ነበር። ለካ ስትወለድም አኩርፋ ነው።

ሸፈን ከፈት እያደረግኩ ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው አልነግርዎትም።

የእህትዎ ባል


ኅዳር 3

አንተ ሰውዬ፣

ደብዳቤህን ለጉልበቴ ሐኪም አነበብኩለት። ሰውየው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በውሃ? በውሃ የሚዘፈዘፍ ካልሲ ነው። እናቴ ያችን ቲማቲም አርባ ዓመት ያቆየቻት በፍግና በአመድ፣ ጎንበስ ቀና ብላ ነው። አንተ ሳህን ላይ ደርድረህ ፌስታል አለበስካት። እህቴ አንተን ላግባ ስትል «ዝምተኛ ነው፣ ምንም አያመጣም» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይኸው ዝምታህ ያመጣውን አየሁ።

አሁን የምጠይቅህን መልስ። ቅጠላቸው ምን ይመስላል? ግንዳቸው ሐምራዊ ነው አረንጓዴ? ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባላቸው? ደግሞ ስለተቆረቆርኩ እንዳይመስልህ።

የቀሩትን ሦስት ዘሮች ዛሬውኑ ላክ። አንድ እግር ጫማ ያደረሰ ፖስታ ቤት ቢያንስ አንድ ተኩል ዘር ያደርሳል።

ጉልበቴን ጠይቀሃል። ጉልበቴ እንደ አንተ ነው። ሲፈልግ ይታጠፋል፣ ሲፈልግ እምቢ ይላል።

እትዬ


ኅዳር 20

እጅግ የተከበሩ፣ እጅግ የምወድዎትና የማከብርዎት እትዬ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ጉልበትዎስ? ጓሮዎስ? ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋስ ደህና ናት? እዚህ አየሩ ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይበርዳል፣ ከሰዓት ግን ይሞቃል። ትናንት ደመና ነበር። ከትናንት ወዲያ አልነበረም።

ሰላምታ ያበዛሁበት ምክንያት ሳይገባዎት አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በላኩልኝ አጭር ደብዳቤ «አሥራ አንዱ ደህና ናቸው?» ብለዋል።

ሁለቱ ደህና ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል ሲያወጡ ግራም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን አመጣልኝ። ክዳኑ ላይ አሥራ አንድ ቀዳዳ በሳን፤ በየቀዳዳው ጎኑ የተበሳሳ ትንሽ ኩባያ ገባ፤ ችግኙ በኩባያው ውስጥ ተቀምጦ ሥሩን ወደ ውሃው ያንጠለጥላል። ለምግባቸው ሁለት ጠርሙስ ፈሳሽ፣ ለዓሣ ማሳደጊያ የሚሸጥ ትንሽ የአየር ፓምፕና ቀጭን ቱቦ ጨመረልኝ። ከዚያ «ውሃውን ሙላ፣ ክዳኑን ግጠም፣ ፓምፑን ሰካ» ብሎኝ ለሳምንት ልጁ ዘንድ ሄደ።

እትዬ፣ ለቧንቧ ሠራተኛ «ግጠም» አይባልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ግጠም» ስባል ኖሬያለሁ፣ የገጠምኩትን ፈትቶ ያውቃል የሚባል ሰው የለም። ውሃውን እስከ አፉ ሞላሁ። ክዳኑን ዙሪያውን በነጭ የቧንቧ ቴፕ ጠመጠምኩ፣ በላዩ የሲሊኮን ማሸጊያ አስኬድኩበት። በየኩባያው ዙሪያም እንደዚያው። ከዚያ ፓምፑን ስሰካው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ደነገጥኩ። አየር ገብቷል! የአየር ቱቦውን ነቀልኩና ቀዳዳውን ደፈንኩት። ጠብታ የማያስወጣ፣ ትንፋሽ የማያስገባ ሥራ ሆነ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ኮራሁ።

በአምስተኛው ቀን አንገታቸው ወደቀ። ውሃ ጠማቸው እንዳልል ውሃ ውስጥ ናቸው። በሰባተኛው ቀን ግራም መጣ።

«ምን አደረግካቸው?»

«አሸግኳቸው።»

«ለምን?»

«አየር እንዳይገባ ነዋ።»

ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አየር እንዲገባ እኮ ነው ፓምፕ የሰጠሁህ! ሥር ይተነፍሳል!»

«አየር የገባበት ቧንቧ ይጮሃል» አልኩት።

«ቲማቲም ቧንቧ አይደለም፣ አንተ ሰው!»

«እሱስ አሁን ገባኝ።»

ክዳኑን ለመክፈት ቢላዋና ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዘጠኙ ሥራቸው ቡናማ ሆኖ እንደ ሾርባ አትክልት ተንጠልጥሏል። ግራም ደብተሩን አወጣና «ዘጠኝ፣ በመታፈን» ብሎ መዘገበ። ስሜን አለመጻፉ ደግነቱ ነው።

ማታውን ጸሎት ልይዝ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ነገር ማሸግ አያቅተኝም። ጉዳቱም የማያቅተኝ መሆኑ ነው።

ሦስቱን ዘሮች ስለመላክ የጻፉትን አንብቤያለሁ። መልሱን ለሚቀጥለው ላቆየው። ዛሬ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ኃጢአት አይበቃኝም?

ትንሹ አገልጋይዎ፣ የእህትዎ ባል


ታኅሣሥ 14

የተከበሩ እትዬ፣

ምክርዎ ደርሶኛል። «ቅጠሏ ቢጫ ካለ ርቧታል፣ አብላት» ብለዋል። ከሁለቱ የአንዷ ቅጠል ቢጫ ብሎ ነበርና ምግቡን እጥፍ አድርጌ ሰጠኋት። በማግስቱ የቅጠሏ ጠርዝ ተቃጠለ፣ በአራተኛው ቀን አረፈች። አልወቅስዎትም። ግራም ግን ጠርሙሱን አንሥቶ ጽሑፉን አሳየኝና «ይኼ መድኃኒት ቢሆን ሰው ገድለህ ነበር» አለኝ። «ያዘዙልኝ እትዬ ናቸው» ብዬ ስምዎን አነሣሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጭንቅ ነበር።

እንግዲህ የቀረችው አንዲት ናት። ከሣጥኑ አውጥቼ ለብቻዋ ጥቁር ባልዲ ውስጥ አስገባኋት። ብርሃን ውሃውን ካገኘው አረንጓዴ አተላ ይይዛል ብሎ ግራም ስላለኝ በላዩ የእኔን አሮጌ የሥራ ቱታ አለበስኩት። ጎረቤት በሩ ክፍት ሆኖ ሲያይ ሰው ቁጢጥ ብሎ የተቀመጠ ይመስለዋል። የፖስታ አዳዩ ሁለት ጊዜ «ደህና ዋሉ» ብሎታል።

አሁን ወደ ሸሸሁት ነገር ልምጣ። «ሦስቱን ዘር በጋዜጣ ጠቅልለህ ላክ፣ ኤንቨሎፑ ላንተ ይሁን፣ ሞኝ» ብለው ጽፈውልኛል። ደግነትዎን በ«ሞኝ» ሸፍነው እንደላኩት ገብቶኛል። እኔም ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። ግን ኤንቨሎፑ ላይ ያለው «ለእትዬ» ነው። «ለባሌ» አይልም። ዘሩን ልኬ ኤንቨሎፑን ባስቀር፣ እንቁላሉን አድርሶ ቅርጫቱን የሰረቀ ሰው ሆንኩ ማለት ነው። ፈቅጃለሁ ይሉኛል። የፈቀዱት ግን ሳያዩት ነው። የ«ዬ»ን ጭራ እንደ ልማዷ አስረዝማዋለች፣ ደክሟት እንኳ አላሳጠረችውም። ቢያዩት አይፈቅዱም ነበር። ሳያዩ የፈቀዱትን ነገር መቀበል ሁለተኛ ስርቆት ይሆንብኛል።

ስለዚህ ልሰጥም አልቻልኩ፣ ላስቀርም አልቻልኩ። በየጠዋቱ መጽሐፉን ስገልጥ አለ። እስከዚያው ባልዲዋን እጠብቃለሁ።

የእህትዎ ባል


ጥር 19

የተከበሩ እትዬ፣

አበባ አውጥታለች! ሰባት ቢጫ አበባ። ይህን ሳልነግርዎ ሁለት ሳምንት የቆየሁት ይረግፍ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው። ዜና ማቆየት ለምዶብኛል፣ ይህኛውን ግን በደግ ይቁጠሩልኝ።

«ንብ በሌለበት ፎቅ አበባው ምን ይሆናል?» ብለው አስቀድመው መጠየቅዎ ትክክል ነበር። እኔም ለግራም ያንኑ ጠየቅሁት።

«ንቡ አንተ ነህ» አለኝ።

አዲስ የጥርስ ብሩሽ ገዛሁ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ከአበባዎቹ ጀርባ ያለውን አንገታቸውን በብሩሹ ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ዱቄቱ በዚያው ይራገፋል። ግራም ከጎኔ ቆሞ «ዝዝዝ ካላልክ አይሠራም» አለኝና አመንኩት። ሦስት ቀን ዝዝዝ ካልኩ በኋላ ደረጃ ላይ ለሰው እየሳቀ ሲያወራው ሰማሁት።

«ባለፈው ሳምንት ምን ሆነህ ነው ደብዳቤህ የተቆራረጠው?» ብለዋል። እየጻፍኩ መብራት ጠፋ። ጠዋት የጠፋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። ፓምፑ ዝም ሲል የእኔም ትንፋሽ ዝም አለ። ዘጠኙ እንዴት እንደሄዱ አይቻለሁና ቱቦውን ከፓምፑ ነቅዬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። አንድ ጸሎት፣ አሥር እፍታ፣ አንድ ጸሎት፣ አሥር እፍታ። ግራም መጥቶ ሲያየኝ መጀመሪያ አምቡላንስ ሊጠራ ነበር፣ በኋላ ተቀብሎኝ እሱም ነፋ። ከዚያ በሰዓት እየቆጠርን ተፈራረቅን። መብራቱ ሲመጣ ሁለታችንም ዞሮብን ሶፋው ላይ ተዘርረን ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእህትዎ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉልበትዎን በተመለከተ የጻፉት መስመር ግን አሳስቦኛል። አጭር ነበረች፣ ከታች ጥግ ላይ ነበረች። ሐኪሙ በትክክል ምን አለ?

የእህትዎ ባል


የካቲት 6

አንተ ንብ፣

ሐኪሙ ያለው ይኼ ነው። «ከእንግዲህ መንበርከክ አይቻልም።» «ለጸሎት?» ስለው «ለጸሎት ተቀምጠው ይችላሉ» አለኝ። «ለቲማቲምስ?» ስለው የመድኃኒት ማዘዣ መጻፍ ጀመረ። መልሱ እሱ ነው።

ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄ አፈር አይደርስልኝም። ሠራተኛ ልቅጠር ብል የእናቴን ዘር እንደ ሽንኩርት ሊበትንልኝ ነው። ከግንቡ ሥር ያለችው መደብ አፈሯ ተገልብጦ፣ ፍጉ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶዋን ትጠብቃለች። በየዓመቱ ደግሜ አስገለብጣታለሁ። ለምን እንደማደርገው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም።

ስለዚህ ኤንቨሎፕ ትልካለህ አትልክም ብዬ ከእንግዲህ አልጨቀጭቅህም። ብትልከውም የሚተክለው ጉልበት የለኝም። አንተም አርጅተሃል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ከሁለታችን የምትታጠፍ ጉልበት ያለችህ አንተ ነህ። ይህን አስብበት።

ያቺ ልጅ ፍሬ ያዘች ወይ? አንድ ቅጠል ባወጣች ቁጥር ከግንዱና ከቅርንጫፉ መሐል የምታወጣውን ቡቃያ እየነቀልክ መጣል አለብህ፣ አለዚያ ጉልበቷን ይበላባታል። ለማንኛውም በውሃ የሚበቅል ነገር ጣዕም የለውም።

እትዬ


የካቲት 27

የተከበሩ እትዬ፣

ይዛለች። አራት ፍሬ ነው። ከአበባዎቹ ሦስቱ ረገፉ፣ አራቱ ቆዩ።

የመጀመሪያዋ ማክሰኞ ቀላች። ሽብሽቧ፣ ጉንጯን ነፍታ ማኩረፏ፣ ከላይ መጥቆሯ ሁሉ አልቀረም። ግራም መዘናት። «ሁለት መቶ አሥር» አለ። ዘሯን አውጥተን ውሃ ውስጥ አቦካነው፣ አጥበን ወረቀት ላይ አሰጣነው። ሥጋዋን ለሁለት ተካፈልን። ግራም ሚዛኑን አጠገቡ አስቀምጦ ጨዉን ሳይመዝን በእጁ ነሰነሰ። አጠናቅቆ በላና «ሌላ የለም?» አለኝ። «ሦስቱ የእትዬ ናቸው» አልኩት። ጣዕም ስላሉት ጉዳይ ሌላ አልጨምርም፣ ስከራከርዎት ኖሬ አላውቅም።

ንቀል ያሉኝን ቡቃያ ነቀልኩ። መጣሉ ግን አልሆነልኝም። አሥሩን ከገደልኩ በኋላ እጄ የነቀለውን እጄ አይጥልም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። በአሥረኛው ቀን ነጭ ሥር ማውጣት ጀመሩ! ግራም ሲያያቸው ሚዛኑን ሊያመጣ ሄደ። ስድስት ናቸው። ስድስት ኩርፌ፣ በስድስት ብርጭቆ፣ በመስኮቱ ላይ።

ስለ ጉልበት የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ። እህትዎን ከቀበርን ወዲህ ከቤትዎ ደጃፍ አልደረስኩም። ሥራ በዛብኝ፣ መንገዱ ራቀኝ፣ ትከሻዬን አመመኝ ስል ኖሬያለሁ። ትከሻዬ ደህና ነው። ዓይንዎን እንዳላይ ነበር።

የእህትዎ ባል


መጋቢት 21፣ ከበረንዳዎ

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አያውቀውም። በረንዳዎ ላይ በተቀመጠችው ዱካ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሳልነግርዎ የመጣሁት ከነገርኩ እንደማልመጣ ስለማውቅ ነው።

በሌሊት፣ እናታቸውን ለግራም ትቼ፣ ስድስቱን ችግኞች በሌላ ባልዲ አደረግሁና አውቶቡስ መናኸሪያ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ አየኝ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ተክል ነው።»

«ዕቃ ከሆነ ጣራ ላይ፣ ሰው ከሆነ ወንበር ላይ።»

«ሰው ነው» አልኩት።

«ስም?»

«ኩርፌ።»

ሳቀ፣ ግን ጻፈው። አምስት ሰዓት መንገድ መስኮት በኩል ተቀምጣ መጣች። ኮረብታው ላይ ስንታጠፍ ውሃው ከአጠገቧ የተቀመጡ ሰው ሱሪ ላይ ፈሰሰ፤ «አይዞሽ» አሏት እኔን ሳይሆን እሷን።

ቤትዎ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«እትዬ ክሊኒክ ናቸው፣ እስከ ዘጠኝ አይመጡም። ማን ልበል?»

«የእህታቸው ባል።»

«አሃ!» አለች። «ሌባው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሲያወሩልኝ ረዘም ያሉ መስሎኝ ነበር» አለችና አካፋ አቀበለችኝ። መንደሩ ሁሉ ታሪኬን እንዲያውቅ ማድረግዎ ደግ ሆነ፣ አንድም ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም።

መደቧን አገኘኋት። አፈሯ እንደ ዱቄት ነው፤ ሁለት ዓመት ባዶዋን የኖረች አትመስልም። ተንበረከክሁ። የእኔም ጉልበት ጮኸ፣ ግን ታጠፈ። በጥልቀቱና በርቀቱ የተሳሳትኩት ይኖራል፤ ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ማዶ «ወደ ግራ! ወደ ግራ! ኧረ ያ ቀኝዎ ነው!» እያለች ስታዝዘኝ ነበር። ስድስቱም ቆመዋል። በየሥራቸው ጉድጓድ ሠርቼ በቀስታ ውሃ አጠጣኋቸው። አፈሩን አልጠቀጠቅኩትም። ትንሽ ላላ አድርጌ ተውኩት፣ ይተንፍሱ። ከግንቡ አጠገብ ያለው ቧንቧዎ ይንጠባጠባል፣ እሱንም ጠበቅ አደረግሁት። በመሐረብ የተጠቀለሉት ሦስቱ ፍሬዎች መስኮቱ ላይ ናቸው። ከመጀመሪያዋ ፍሬ የወጣውን ዘር ግራም መዝኖ በወረቀት አሽጎልኛል፣ እሱም አጠገባቸው ነው።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነበር።

ኤንቨሎፑ ኪሴ ውስጥ አለ። ሦስቱ ዘሮችም በውስጡ ናቸው። እስኪመጡ ጠብቄ በእጅዎ ልሰጥዎ ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን ሰዓቱን አየሁ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ገና አንድ ሰዓት ተኩል አለ። ራሴን አውቀዋለሁ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እኔ የማላገኘው ምክንያት የለም። እስካሁን እንኳ ሁለት አግኝቻለሁ፦ አንዱ፣ ቤትዎ ውስጥ ይጠፋል የሚል፣ ሌላው ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ነገ ልመጣ የሚል።

ሲመጡ መጀመሪያ ይህን ያንብቡት፣ ከዚያ ከፈለጉ ይጥሩኝ፤ ከጓሮ ነኝ። ካልፈለጉም ለልብስ ሰፊዋ ይንገሯት፣ ትነግረኛለች፣ ድምጿ ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ኤንቨሎፑን አውጥቼ አየሁት። የ«ዬ»ን ጭራ በጣቴ ተከትዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። «አደረስኩልሽ» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልብስ ሰፊዋ እንዳትሰማ።

ከዚያ ተነሥቼ በበሩ ሥር አስገባሁት። ጫፉ ትንሽ በውጭ ቀርቶ ነበር። እሱንም ገፋሁት።